የወንድሜ ጨጓራና የዓርብ ፈረሶች

ያቺ ዓርብ ከሌሎቹ ዓርቦች በምንም አትለይም ነበር። ሰዎች ይጠይቁኛል። ምልክት አልነበረም? ሕልም አላየህም? ልብህን ቅር አላለውም? አላለውም። ወንድሜ ጠዋት ታክሲውን አጠበ። እኔ ሚድ ዊልሻየር ካለው ፓርኪንግ የሰው መኪና ሳስገባና ሳስወጣ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት መንገድ፣ ፌርፋክስ ላይ ተገናኘን፤ ሁልጊዜ ከምንቀመጥበት ምግብ ቤት ደጅ፣ ጥላው ካለበት ጠረጴዛ። እሱ ቀድሞኝ ደርሶ የፈረስ ውድድሩን ጋዜጣ ዘርግቶ ነበር።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበል። እናታችን ይህን አታውቅም ነበር። እናታችን ናዝሬት ናት። ጴንጤ ናት፤ እኛም ያደግነው በመዝሙርና በጸሎት ነው። ልጆችሽ ፈረስ ላይ ገንዘብ ያስይዛሉ የሚላት ቢኖር ምን እንደምትሆን እንጃ። ዓርብ ማታ ቤተ ክርስቲያን እንደምንሄድ ነው የምታውቀው። እንዲህ ያላት ወንድሜ ነው፤ እኔ ወደ ሎስ አንጀለስ ከመምጣቴ በፊት። ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚያ ሲመሽ፣ ሚስኮል ታደርጋለች፤ እኛ መልሰን እንደውላለን። መጀመሪያ ጤናችንን ትጠይቃለች። ቀጥላ «ትላንት ምን ተሰበከ?» ትላለች። ወንድሜ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ይሰብካል።

«ስለ ትዕግስት ነው እማዬ። ገና ሲነሳ የሚቸኩል ሰው መጨረሻ ላይ ይደክማል። ኋላ የቀረው ግን የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ጉልበቱ ይታደሳል።»

«አሜን! ኢሳይያስ ነው?»

«ኢሳይያስ ነው።»

እኔ ትራስ ነክሼ እስቃለሁ። የምትሰማው ትላንት ከኋላ ተነስቶ ስላሸነፈ አንድ ቀይ ፈረስ እንደሆነ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ውሸት ነው፤ አውቃለሁ። ግን ከእሷ መደበቅ ልማዳችን ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ ደም ብዛት ይዟታል። አታስደንግጧት ብሎ ሐኪሙ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ታክሲው ሲገጭ አልነገርናትም። እኔ ከመጀመሪያ ሥራዬ ስባረር አልነገርናትም። ወንድሜን ጨጓራው ሲያመውም አልነገርናትም። እሷ እንዳትደነግጥ። በቤታችን ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልነበረም።

ጨጓራ ያልነው እኛ ነን። ከደረቱ ዝቅ ብሎ፣ ከአጥንቱ ስር፣ ይጫነኛል ይል ነበር። ደረጃ ሲወጣ ይብስበታል። ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ መሃል ላይ ቆሞ ስልኩን የሚያይ ይመስላል። እኛ ጋ ሰው እዚህ ቦታ ላይ አመመኝ ካለ ጨጓራ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ፌርፋክስ ላይ ያልመከረው ሰው የለም። የምግብ ቤቱ ባለቤት ተልባ በጥብጣ በላስቲክ ጠርሙስ ትሰጠዋለች። አንዱ ሾፌር ጥቁር አዝሙድ በማር አለው። ሌላው በርበሬ ተው አለው፤ ተወ፤ ከዚያ ወዲህ አልጫ ብቻ በላ። እኔ ከፋርማሲ የሚታኘከውን ነጭ ኪኒን እገዛለት ነበር። ሐኪም ጋ ሂድ ያለውም አልጠፋም። «አዲሱ የጤና ኢንሹራንስ ይጀምርና ሁለታችንም እንታያለን» ይላል። ለጨጓራ ማን ሆስፒታል ይሄዳል።

«አንብብ» አለኝ ያን ቀን ገና ሳልቀመጥ።

ቁጥሮቹን ራሱ ያነባል፤ ርቀቱን፣ የገባበትን ሰዓት፣ የተሸከመውን ክብደት። ከእያንዳንዱ ያለፈ ሩጫ አጠገብ ግን ትንንሽ ቃላት አሉ። ፈረሱ ያን ቀን ምን እንደገጠመው በአንድ ሁለት ቃል የሚነግሩ ናቸው። እነሱን የምተረጉምለት እኔ ነኝ። ሃይስኩል የጨረስኩት እዚህ ነው፤ እሱ ያስጨረሰኝ።

«ይሄ በውጭ በኩል ዞረ ይላል።»

«መንገድ በዝቶበታል ማለት ነው። ምሕረት ይደረግለታል። ቀጥል።»

«ይሄ ሲነሳ ተንገዳገደ።»

«እሺ። ያኛውስ?»

«ቆመ።»

«ቆመ? በሩጫ መሃል?»

«እንደዛ ነው የሚለው። ቆመ።»

«ታክሲ ነው እንዴ!» አለና ሳቀ። ሲስቅ እጁን ከደረቱ ስር አደረገ። ይህን የማስታውሰው አሁን ነው። ያኔ አላየሁትም። አይቼም ይሆናል።

ጋሼ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ጋሼ ከወንድሜ በፊት ታክሲ የጀመሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ሰው ጋሼ ይላቸዋል። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ዓርብን ይጾማሉ። ፈረሱን ግን አይጾሙም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ማንን ያዝክ?» አልኳቸው።

«አንተ ይለኛል ደግሞ! ታላቅህ እርስዎ እያለኝ፣ ይሄ አሜሪካ ያበላሸው!» አሉና ጭንቅላቴን በጋዜጣ መቱኝ። «እኔ ጋዜጣ አላነብም። እዛው ስደርስ አያለሁ።»

የጋሼ ዘዴ የታወቀ ነው። ፈረሶቹ ከሩጫው በፊት የሚዞሩበት ክብ ቦታ ሄደው አጥሩን ተደግፈው ይቆማሉ። የሚያዩት ፈረሱን አይደለም፤ ጋላቢውን ነው። ኮርቻ ላይ ሲወጣ ካማተበ ይይዙታል። ካላማተበ ፈረሱ ቢበር አይነኩትም። ብዙዎቹ ጋላቢዎች ከሜክሲኮ ወይም ከዚያ አካባቢ የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ የሚያማትብ አይጠፋም። አንዳንዴ ስምንቱም ያማትባሉ። ያን ጊዜ ጋሼ ይናደዳሉ።

ወንድሜ ጣቱን ስድስተኛው ሩጫ ላይ አደረገ። «እቺን ይዩዋት ጋሼ። ግራጫዋን።»

ስድስተኛው የሚሸጡ ፈረሶች የሚሮጡበት ነበር። እንዲህ ዓይነት ውድድር አለ፤ የገባ ፈረስ ሁሉ ዋጋ ተለጥፎበት ይገባል፤ ከመሮጣቸው በፊት የፈለገ ባለፈረስ በዚያ ዋጋ ይወስደዋል። ግራጫዋ ባዝራ ባለፈው ጊዜ የተለጠፈባት ዋጋ ትልቅ ነበር። ዛሬ ግማሹ እንኳን አልነበረም።

«ረከሰች፤ እሰይ!» አሉ ጋሼ።

«ምኑ ነው እሰይ? ደህና ፈረስ ማን ያረክሳል? ባለቤቷ የሚያውቀው ነገር አለ። ወይ እግሯን ያማታል፣ ወይ ውስጧን።»

«ካመማት ለምን ያሮጧታል?»

«ሌላ ሰው ሳያውቅ እስኪገዛት ነዋ።»

«ክፉዎች!» አሉ ጋሼ። «ጋላቢዋ ካማተበ ግን እይዛታለሁ። እልህ አታስጨርሰኝ።»

ስንሄድ ወንድሜ ድራይቭ አደረገ። ጋሼ እንደ ተሳፋሪ ከኋላ ተቀምጠው በየመብራቱ «ሜትሩን አጥፋው፣ አልከፍልህም» ይላሉ። የፈረስ መሮጫው ኢንግልዉድ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ይዘጋል እየተባለ ነበር፤ ሜዳው ተሸጦ ቤት ይሠራበታል ይባላል። ሁልጊዜ የምናቆመው ሩቅ ነው፤ ከፓርኪንጉ ጫፍ፣ በነፃ። ያን ቀን «ቅርብ ፓርክ እናድርግ፣ ጋሼ ደክሟቸዋል» አለ። ጋሼ አልደከማቸውም ነበር። ከእኛ ቀድመው ነው የሚራመዱት።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ወደ ኤርፖርት የሚወርዱት አውሮፕላኖች በሜዳው ጫፍ ላይ በጣም ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ዓርብ ማታ ቢራ ስለሚረክስ ወጣቶች ይመጣሉ፤ ለሙዚቃው ነው እንጂ ለፈረስ አይደለም። ላይኛው መቀመጫ ባዶ ነው፤ እርሳስ ጆሯቸው ላይ የሰኩ ሽማግሌዎች ራቅ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። እኛም እዚያ ወጣን። ወንድሜ ከእኛ በኋላ ደረሰ።

የመጀመሪያዎቹን ተሸነፍን። የምናስይዘው ትንሽ ስለሆነ አይከፋንም። ሦስተኛው ላይ ወንድሜ የያዘው አሸነፈ፤ ተነስቶ ጨፈረ፤ ቶሎ ተቀመጠ። አራተኛው ላይ አንድ ጥቁር ፈረስ ገና ከበሩ እንደወጣ ጋላቢውን አሽቀንጥሮ ጣለ። ጋላቢው ተነስቶ አቧራውን አራገፈ፤ ፈረሱ ግን አላቆመም። ባዶ ኮርቻውን ይዞ ሮጠ፤ ሁሉንም ቀድሞ ገባ። ሰው አጨበጨበለት። አይቆጠርም። ጋላቢ የሌለው ፈረስ ቢቀድምም እንዳልሮጠ ነው።

ወንድሜ ጭኔን መታኝ። «ነገ እማዬ የምትሰማው ይሄን ነው። ጌታውን ጥሎ የሚሮጥ፣ ቢቀድምም አይቆጠርለትም!»

«አንተ ሰውዬ፣ ሲኦል ነው የምትገባው» አሉ ጋሼ፤ እየሳቁ አማተቡ።

«እርስዎ ካሉ ምን ቸገረኝ። ወረፋ ይይዙልኛል።»

ይህን አለ። ከዚህ በኋላ ቀልድ አልተናገረም።

ለስድስተኛው ጋሼ ጋላቢዎቹን ሊያዩ ወረዱ። ወንድሜ ሁልጊዜ አብሯቸው ይወርዳል፤ የፈረሱን ላብ፣ ጆሮውን፣ አረማመዱን ማየት ይወዳል። ያን ጊዜ አልወረደም። ጋሼ ተመልሰው መጡና «አማተበ! የግራጫዋ ጋላቢ ሁለት ጊዜ አማተበ! ይዣታለሁ!» አሉ ትኬታቸውን እያውለበለቡ። የወንድሜ ግንባር ረጥቧል። ነፋሻ ነበር፤ እኔ ጃኬት ለብሻለሁ።

«ጨጓራዬ ተነሳ» አለኝ። «እስቲ ወተት ፈልግልኝ።»

«አልጫ ብቻ በልቶ ጨጓራ ምን አድርግ ይለዋል?» አሉ ጋሼ። «ቀዝቃዛ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ነው የሚያስተኛው።»

«ትኬትስ?» አልኩት። «ማንን ልያዝልህ?»

«ተወው። ወተቱን ብቻ።»

ሄድኩ።

ታች ወረፋው ረጅም ነበር። የቢራ ወረፋ ነው። ከፊቴ ያሉት ልጆች ይገፋፋሉ፣ ይዘፍናሉ። ደርሼ ወተት አላችሁ ስል ልጅቷ ሳቀችብኝ። ቢራና ሆትዶግ ነው ያለን አለች። ሌላው ጋ ሄድኩ፤ እዚያም የለም። መጨረሻ ላይ ቡና የምትሸጥ ሴትዮ አገኘሁ። ወንድሜን ሆዱን አሞት ነው አልኳት። ወተት የለኝም አለች፤ ቡና ውስጥ የሚጨመሩትን፣ በትንንሽ ኩባያ የታሸጉትን ክሬሞች፣ በሁለት እጇ አፍሳ ሰጠችኝ። ወተት አይደለም ግን ነጭ ነው፤ አለች። ለክሬሙ አላስከፈለችኝም።

ስድስተኛው ሲጀመር እዚያው ነበርኩ። ከራሷ በላይ ቴሌቪዥን አለ። መታጠፊያው ላይ ግራጫዋ መሃል ነበረች። ከዚያ ወደ ውጭ ወጣች፤ አንዱን አለፈች፣ ሌላውን። በመጨረሻው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ብቻዋን ሆነች። ጋላቢዋ አለንጋውን እንኳን አላነሳም። ምንም የሚያማት ፈረስ አትመስልም። ዛሬ ጋሼ አያስቀምጡንም ብዬ ሳቅሁ። ክሬሞቹ እንዳይወድቁ ደረቴ ላይ አቅፌ ደረጃውን ወጣሁ።

ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ጋሼን ነው። ፊታቸው ወደ እኔ ነበር፤ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተዋል። የያዟት ፈረስ አሸንፋ፣ ሰው ሁሉ ወደዚያ እያየ፣ ጋሼ ሜዳውን አያዩም። እጃቸው ላይ የወንድሜን ጫማ ይዘዋል። የአንድ እግሩን። ለምን እንደያዙት አላውቅም፤ እሳቸውም አያውቁም።

ወንድሜ በመቀመጫዎቹ መሃል ሲሚንቶው ላይ ተኝቷል። አንድ የማላውቀው ሽማግሌ አንገቱን ደግፎታል። የመሮጫው ነርሶች ሮጠው መጡ። ሸሚዙን ቀደዱት። እኔን ወደ ኋላ ገፉኝ። ከዚያ ያለውን አልጽፈውም። ታች ሙዚቃው ጀምሮ ነበር።

ከአምቡላንሱ ኋላ ታክሲውን የነዱት ጋሼ ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ ሶፋና የጨርቅ አበባ ያለባት ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገቡን። ሐኪሙ ሲመጣ ቆሞ አልተናገረም፤ ተቀመጠ። ሲቀመጥ አወቅሁ። እየነገረኝ ለጋሼ መተርጎም ነበረብኝ፤ ጋሼ ፈጣን እንግሊዝኛ አይከተሉም።

«ልቡ ነው ይላል» አልኩ።

«ጨጓራው ነው በለው» አሉ ጋሼ። «ንገረው። ሲያመው የከረመው ጨጓራው ነው። ምናልባት በዚያ በኩል ቢያዩት…»

ለሐኪሙ ነገርኩት። ጨጓራ ሲያመው ነበር አልኩት። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ በዝግታ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ነገረኝ። ያ ሕመም ራሱ ልቡ ነበር።

«ጨጓራ አልነበረም ይላል ጋሼ። ያኔም ልቡ ነበር።»

«አልፏል?» አሉ ጋሼ።

«አልፏል።»

እጄን ሳየው ክሬሞቹን አልለቀቅኳቸውም። አንዷ ነርስ አንድ በአንድ ከእጄ አወጣቻቸው።

ስልኬን አወጣሁ። ለማን ልደውል እንደነበር አላውቅም። ጋሼ ቀሙኝና ኪሳቸው ከተቱት።

«ለማንም አትደውልም። እናትህ በስልክ አትረዳም።»

እኛ ዘንድ ሞት እንዲህ አይነገርም። ሰው ብቻውን እያለ፣ ወይ ሥራ ላይ እያለ፣ ወይ ማታ አይነገረውም። የሚያውቋቸው ሰዎች ተሰብስበው ንጋት ላይ ይሄዳሉ፤ ያስቀምጡታል፤ ከዚያ ያረዱታል። አጠገቡ የሚይዘው ሰው እንዲኖር ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ግን ያን ሰዓት ምንም አላውቅም ነበር።

«እኔ የእናቴን ሞት የሰማሁት ድራይቭ እያደረግሁ ነው» አሉ ጋሼ። «ተሳፋሪ ይዤ። አንዱ እግዜር ያጽናህ ብሎ ደወለ፤ የተረዳሁ መስሎት። ተሳፋሪውን ቤቱ አደረስኩት። እንዴት እንዳደረስኩት አላውቅም። ያቺ ሴትዮ እንደዛ አትሰማም። ደም ብዛት አለባት ብሎኛል ወንድምህ።»

ናዝሬት ያኔ ነግቶ ሰው ወጥቷል፤ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የዚያ ቀን ንጋት አልፏል። ጋሼ ደውለው ደውለው ከእናቴ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ አገኙ። ሁለቱ የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንዱ ኦርቶዶክስ አንዱ ጴንጤ፣ በስልክ ተስማሙ። እሁድ ሳይነጋ ሽማግሌዎቹና ጎረቤቶቿ አብረው ይሄዳሉ፤ ነርስ የሆነች እህትም የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ትሄዳለች። እስከዚያ አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም። ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር የሚል ነገር የጻፈ ሁሉ ባስቸኳይ እንዲያጠፋው ይነገራል። እዚያ ያሉት የአክስቴ ልጆች ያያሉ።

«ቅዳሜስ?» አልኩ። «ሚስኮል ታደርጋለች።»

ጋሼ ይህን አላሰቡትም ነበር።

«ትደውልላታለህ» አሉ። «ካልደወልክ ታውቃለች።»

«ምን እላለሁ?»

«የሁልጊዜውን።»

ቅዳሜ ሲነጋ ቤታችን ሞልቶ ነበር። የምግብ ቤቱ ባለቤት ድስት ይዛ መጥታለች። ሾፌሮች ከቤተ ክርስቲያን ታጣፊ ወንበር አመጡ፤ ቦታ ስለጠበበ ደረጃው ላይ ደረደሩት። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው የገባውን ሁሉ በሹክሹክታ «እናትየው አልሰማችም፤ ድምፅ ቀንሱ» ይላሉ። ሰው አፉን በነጠላ ይዞ ያለቅሳል። እኔ የተቀመጥኩት ወንድሜ አልጋ ላይ ነው። ሆስፒታሉ የሰጠኝ ላስቲክ አጠገቤ አለ፤ ጫማዎቹና ስልኩ ውስጡ ናቸው፤ ጋሼ የመለሱልኝ የታክሲው ቁልፍ ላዩ ላይ ነው።

የአክስታችን ልጅ ከላስ ቬጋስ ገና እንደሰማች ተነስታ መጣች። ለእሷ ድምፅ ቀንሺ የሚላት አልተገኘም። ከመንገድ ጀምራ በስሙ እየጠራችው ደረጃውን ወጣች። ያኔ ላስቲኩ ውስጥ ስልኩ አንድ ጊዜ ጠራና ቆመ።

ስልኩንና ቁልፉን ይዤ በኋላው ደረጃ ወረድኩ። ታክሲው ከሕንፃው ጀርባ ቆሟል። የሾፌሩ ወንበር በእሱ ልክ ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ ጋሼ ሲነዱም አላንቀሳቀሱትም፤ እዚያ መቀመጥ አልቻልኩም። ጎንበስ ብዬ ሞተሩን አስነሳሁ፤ ከኋላ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። መስኮቶቹ ዝግ ናቸው። ለቅሶው አሁንም ይሰማል፤ ግን የሰፈር ድምፅ ይመስላል። ኤሲው ይጮኻል። ደወልኩ።

«የኔ ጌታ» አለች። «ምነው ድምፅህ?»

«ጉንፋን ነው እማዬ። በኤሲው።»

«አጥፋው ታዲያ። ወንድምህስ?»

ሥራ ገብቷል ልል ነበር። ተኝቷል ልል ነበር። አንዱም ከአፌ አልወጣም። «እዚህ የለም» አልኳት።

«ዛሬም ሥራ? እሺ፣ ይሥራ። ትላንት ምን ተሰበከ?»

እንደ እሱ ልሰብክላት ፈለግሁ። ጥቁሩ ፈረስ ነበር፤ አዘጋጅቶት ነበር። ቃሉ አልመጣልኝም።

«መጨረሻውን አልሰማሁም። ወተት ልገዛ ወጥቼ ነበር።»

«የጌታ ቃል እየተሰበከ ወተት?» አለች በቁጣ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጨጓራው ተነሳበት እንዴ?»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ ነዋ። ማታ ማታ አንተ ስትተኛ ይደውልልኛል። ከደረቱ ስር እንደሚጫነው፣ ደረጃ እንደሚያቅተው… ለልጁ እንዳትነግሪው፣ ይደነግጣል አለኝ። ተልባ ጠጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ነግራኛለች እንዳትለው፣ እሺ?»

«እሺ።»

ለእሷ አልነገርናትም እያልኩ የኖርኩት እኔ ነበርኩ። ለሁሉም ተናግሮ ኖሯል፤ ለእያንዳንዳችን ለየብቻ፣ ሌላው እንዳይደነግጥ። በዚያች ቅጽበት ልነግራት ነበር። ከምናስበው ትበረታለች አልኩ በልቤ። እማዬ ብዬ ጀመርኩም። ቤቷ ውስጥ ብቻዋን እንደሆነች፣ እዚያ መሽቶ በሩን እንደዘጋች ታየኝ። የሚይዛት ሰው አጠገቧ የለም።

«ምን?» አለች።

«ጸልዪልን።»

«እሱንስ መቼ ትቼው» አለች፤ ቆማ እንደምትጸልይ አውቃለሁ፤ ወንበሩ ሲገፋ ሰማሁት። ለእኔ አጭር ጸለየች። ለእሱ ረዘመች። ጠዋት በሰላም የምታወጣው ማታ በሰላም አግባው አለች፤ አሜን አልኩ። ሆዱን ዳስሰው፣ ሕመሙን ንቀልለት አለች፤ አሜን አልኩ። ዕድሜ ጨምርለት፣ ልጆቹን አሳየኝ አለች። በየመሃሉ አሜን እስክንል ትጠብቃለች፤ ሁልጊዜ ሁለት ድምፅ ነው የምትሰማው፤ የእሱ ይጎላል። ዝም ስል «አትሰማኝም?» አለች።

«አሜን» አልኩ፤ ጮክ ብዬ።

«ጸልያልሃለች በለው።»

«እሺ እማዬ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ጋሼ የኋላው ደረጃ ላይ ቆመው ኖሯል። ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው በመስታወቱ ያዩኛል። ጨረስክ ወይ ብለው በእጃቸው ጠየቁኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ፊታቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ቤታችን መስኮት አዙረው፣

«ጨርሷል» አሉ። «አልቅሱ።»

ወደ ፊት ተንጠራርቼ የታክሲውን ሞተር አጠፋሁና ወደ ላይ ወጣሁ።